ይታይሽን ድልድይ ላሳይ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሚስቴን ስም ያወጣው መልአክ ግን ወይ ቸኩሎ ነበር፣ ወይ ፎገራን አያውቃትም። ሚስቴ ይታይሽ ትባላለች። ቁሐር ሚካኤል ተወልዳ፣ ወረታ ተድራ፣ እስከ ሠላሳ አራት ዓመቷ ድረስ የታያት ነገር ቢጠራ ሩዝ፣ ውሃ፣ ከብት፣ አሁንም ሩዝ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የይፋግ ገበያ ነው። ባሕር ዳር የሄደችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ትንሹ ልጃችን ታሞ ሐኪም ቤት ልናሳየው። ባሕር ዳር ምን አየሽ ሲሏት "ወረፋ" ትላለች።

ጥፋቱ የኔ ነው። በሠርጋችን ማግስት፣ ሚዜዎቼ እየሰሙ፣ ባሕር ዳርን በማታ መብራቷ አሳይሻለሁ ብዬ ቃል የገባሁ እኔ ነኝ። ሙሽራ የማይለው የለም። ያን ክረምት ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ቆረጠው። ሌላ አገር ሰው ሐይቅ ሊጎበኝ ይሄዳል፤ ፎገራ ላይ ግን ክረምት ሲገባ ሐይቁ ራሱ ተነሥቶ ሊጎበኘን ይመጣል፣ እንግዳ ደግሞ ጥሎ አይኬድም። በዓመቱ ልጅ ተወለደ። ከዚያ አጨዳ፣ ከዚያ ሁለተኛ ልጅ፣ ከዚያ እኔ የምሠራበት የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ተሰበረ። እንዲህ እንዲህ እያልን አሥራ ሦስት ዓመት ሞላን።

ነገሩ የባሰው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲከፈት ነው። ማታ ማታ መብራቱ ቀለሙን እየቀያየረ ውሃው ላይ ይወርዳል ተባለ። ከወረታ ሰው ያላየው አልቀረም። በግ ሊሸጥ የሄደው አየው፤ ጥርሱን ሊያስነቅል የሄደው ጉንጩን ይዞ አየው። አንዲት ጎረቤታችን ለቅሶ ደርሳ ስትመጣ፣ ሟቹን ትታ ስለ ድልድዩ ነገረችን። ይታይሽ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ሽሮዋን እያማሰለች "ግድ የለም፤ እኔ ባላየው ልጆቼ ያዩታል" አለች። በቁጣ ብትናገረው ደግ ነበር። ያን ማታ ሽሮውን እንዴት እንደዋጥሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ እኔ ፕሮግራም የማወጣ ሰው ነኝ። መፈልፈያ ቤት ገበሬውን ሁሉ ተራ የማስይዘው እኔ ስሆን፣ ማሽኑ የቆመበት ቀን እንኳ ፕሮግራሙ ቆሞ አያውቅም። ከትልቁ ልጄ ደብተር መሀል ወረቀት ገነጠልሁና ጻፍሁ። እሁድ ስምንት ሰዓት ከወረታ መነሣት። ዘጠኝ ተኩል ባሕር ዳር ገብቶ አልጋ መያዝ። አሥር ሰዓት ሐይቁ ዳር መንሸራሸር። አሥራ አንድ ሰዓት ዓሣ። አሥራ ሁለት ሰዓት የፀሐይ መጥለቅ፤ ፀሐይዋ ከዘገየች አምስት ደቂቃ መታገሥ። አንድ ሰዓት ዘንባባው ጎዳና። ሁለት ሰዓት ድልድዩ፣ ከወንዙ ዳር ፊት ለፊት ቆሞ። ከዚህ ሁሉ በታች "ደስታ" ብዬ ጻፍሁና ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

አልጋ መያዝ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የይታይሽ አክስት፣ የእናቷ ታናሽ፣ እትየ ደብሬ ባሕር ዳር ይኖራሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን በር አለው፣ በሩም ይቆለፋል። እሳቸው ቤት የገባ እንግዳ ጠግቦ ካልሆነ ታሞ ነው የሚወጣው። እዚያ ከገባን ድልድዩን በወሬ እንደምናየው አውቄአለሁና ጉዞው በምስጢር እንዲሆን ከይታይሽ ጋር ተማማልን።

ምስጢሩን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ፕሮግራሙ ላይ አንድ ነገር ጎደለኝ፤ የድልድዩ መብራት በስንት ሰዓት እንደሚበራ አላውቅም። ከመፈልፈያው ፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጅ ሰይድ ደግሞ ዕቃ ሊያመጡ በየአሥራ አምስት ቀኑ ባሕር ዳር ይመላለሳሉ። ገባሁና ጠየቅኋቸው። ለአንድ ወዳጄ ነው አልሁ። ሐጅ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና ወዳጅህ ሚስቱን ይዞ ነው የሚሄድ አሉኝ። አዎ አልሁ። ልጆቹንስ ማን ይጠብቅለታል ሲሉኝ "አማቴ" ብዬ አረፍሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል፤ ሳይመሽ ወረታ በሙሉ ሰማ።

ወረታ ላይ መንገድ ሊሄድ መሆኑ የተሰማ ሰው መንገደኛ መሆኑ ይቀርና ጭነት መኪና ይሆናል። "ይቺን አድርስልኝ" ቢሉህ ሰበብ መፍጠር ይቻላል። "አደራ" ካሉህ ግን አለቀልህ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው። አደራ የበላ ሰው ልጁ እንኳ ሊዳር ሲል ይጠየቅበታል፤ ደግሞ "አልችልም" ብሎ አደራ የመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም፣ ምናልባት አገር ጥሎ ሄዶ ይሆናል።

መጀመሪያ የመጡት አማቴ ናቸው፤ እማማ ጥሩ ይባላሉ። ቅዳሜ ልጆቹን ሊጠብቁ ከቁሐር ሚካኤል ሲመጡ አንድ ጆንያ ሩዝ በአህያ አስጭነው መጡ። ለእህታቸው ለእትየ ደብሬ ነው። እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣ እማማ እኛ እኮ እትየ ደብሬ ዘንድ አንሄድም አልኋቸው።

"እና የት ልታድሩ ነው?"

"አልጋ ይዘን" አልሁ፣ ራሴ በማልሰማው ድምፅ።

እማማ ጥሩ፣ ወንዝ ውስጥ እናድራለን ያልኋቸው ያህል አዩኝ። "ደብሬ ቤቷ ተቃጠለ?" አሉና መልስ ሳይጠብቁ ጆንያውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "በል አደራ።"

ቀጥለው ሐጅ ሰይድ በጣሳ ቅቤ ይዘው መጡ። የወንድማቸው ልጅ ዘህራ ባሕር ዳር ወልዳ ተኝታለች፤ የአራስ ቅቤ ደግሞ ከፎገራ ላም ካልሆነ አይሆንም። ምስጢሬን ስላወጡብኝ ኩርፊያ ቢጤ ይዞኝ ነበር፤ ግን ለአራስ እንዴት ይኮረፋል? ተቀበልሁ።

የመጨረሻዋ እትየ ስንዱ ናት። እትየ ስንዱ ሸክላ ሠሪ ናት፤ እጇ የነካው ድስት ወጥ አያሳርርም እየተባለ ከይፋግ ድረስ ይመጡባታል። እህቷ አዛለች ባሕር ዳር፣ እዚያው ድልድዩ አጠገብ፣ ምግብ ቤት ከፍታለች። ለመክፈቻው የሚሆን ድስት ሠርታላታለች፤ ቁመቱ የትንሹን ልጄን ያህላል። በሁለት እጇ አቅፋ አመጣችውና ልጅ እንደምትሰጥ ሰው ቀስ ብላ ደረቴ ላይ አስቀመጠችው።

"መውደቅ ከመጣ አንተ ቅደም" አለችኝ። "አደራ።"

እሁድ ስምንት ሰዓት መናኸሪያ ደረስን። ሚኒባሱ ሞልቶ የተነሣው ዘጠኝ ተኩል ነው፤ በፕሮግራሙ መሠረት እኛ ያን ጊዜ ባሕር ዳር ነን። ሩዙ ጣራ ላይ ወጣ፤ ቅቤው ይታይሽ ጭን ላይ፣ ድስቱ በጋቢዬ ተጠቅልሎ እኔ ጭን ላይ ተቀመጠ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ጋቢውን አይተው ጠጋ አሉልኝና፣ ተኝቷል ወይ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። ምን እንዳሉ ልቤ አልሰማም፤ ሐሳቤ ሐይቁ ዳር ነበር። አዎ አልሁ። ሴትዮዋም አዝነው እጃቸውን በጋቢው ሥር አስገብተው ዳበስ አደረጉት።

"ኧረ ወገኖቼ፣ ይኸ ልጅ ቀዝቅዟል!"

ሚኒባሱ ቆመ። ከኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ሾፌሩ ወርዶ በሩን ከፈተና፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ግለጠው አለኝ። ገለጥሁት። ድስቱ በአፉ በኩል ወጣ። ሳቁ እስከ ሐሙሲት አላቆመም። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም፤ የፈሰሰ እንባቸው ቆጭቷቸው እስከምንወርድ ድረስ አኮረፉኝ።

ባሕር ዳር ስንገባ ያው ድልድዩን መሻገር ግድ ነው፤ መንገዱ በእሱ ላይ ነው። ይታይሽ አንገቷን ስታሰግግ አየኋትና ደነገጥሁ። አሥራ ሦስት ዓመት የተጠበቀ ነገር እንዲህ በቀን ብርሃን፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ከቅቤ ጣሳ በላይ ሊታይ? "አትዪው" አልኋት። "ቀን ከታየ ደስታው ያልቃል።" እሷም ታዛዥ ናት፤ ፊቷን አዙራ ድስቱን እያየች ድልድዩን ተሻገረች። ይቺን የኔን ብልሃት ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

እትየ ደብሬ ቤት ሩዙን በር ላይ አስቀምጠን ለመሮጥ ነበር የተማከርነው። እሳቸው ግን በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ እማማ ጥሩ ደውለውላቸዋል። አቅፈው ሳሙን፣ ቦርሳችንን ከእጄ ወሰዱና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉት። ፕሮግራሙ ያለው ቦርሳው ውስጥ ነው። እግር ታጠቡ ተባልን፣ ታጠብን። ብሉ ተባልን፣ በላን። "በሞቴ" ሲሉ እንደገና በላን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ዓሣ በልቼ መጨረስ ሲገባኝ፣ ሁለተኛውን የዶሮ እግር ይዤ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይታይሽ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝና በመስኮቱ አሳየችኝ፤ ፀሐይ በጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ስትጠልቅ አየን። አምስት ደቂቃ መታገሥ አላስፈለገም።

ይታይሽ ነጠላዋን እየጎተተች ቀና ብላ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች፣ ታጎነብሳለች። ለእኔ ደግሞ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ክረምት፣ ሌላ የተሰበረ ማሽን ታየኝ። ብንወጣ ይሻላል እትየ ብዬ ብጀምር፣ የት፣ ምን ጎደለባችሁ፣ የከተማ መብራት ልትበሉ ነው ወይ አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ይታይሽ አንገቷን ሳታቀና እንዲህ ያለችው፦

"እትየ፣ አደራ አለብን።"

እትየ ደብሬ ጭልፋቸውን አስቀመጡ። አደራ የያዘን ሰው እሳቸውም ቢሆኑ አያስቀሩም። "ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ" አሉና በሩን ራሳቸው ከፈቱት። እስከ ሦስት ሰዓት ካልተመለስን ግን በሩ እንደሚቆለፍ ነገሩን። ስንት ዘመን አደራን ስረግም ኖሬ ለካ ቁልፍም ይሆናል።

በባጃጅ ዘህራ ዘንድ ሄድን። አራስ ቤት ደግሞ ቅቤ ሰጥቶ መመለስ ብሎ ነገር የለም። ገንፎ ቀረበ። እርግጥ ነው ከእስላም ቤት ሥጋ አንበላም፣ እነሱም ከእኛ አይበሉም፤ ገንፎ ግን ሃይማኖት የለውም፣ እናም ማምለጫ የለውም። ያውም መሀሉ ላይ የተሞላው ቅቤ እኔው ተሸክሜ ያመጣሁት ነው። ሕፃኑን ሳንመርቅ አንወጣም፤ ሕፃኑ ደግሞ ተኝቷል፤ የተኛ ሕፃን አይቀሰቀስም። እስኪነቃ ገንፎ በላን። ሲነቃ መረቅነው፤ "ረጅም ዕድሜ፣ አጭር እንቅልፍ ይስጥህ" አልሁት፣ እናቱ ይቺን ምርቃት አልወደደቻትም።

ልንወጣ ስንል ሌላ ጉድ። ዕቃ ባዶውን አይመለስም። የቅቤው ጣሳ ታጥቦ ተምር ተሞላበትና "ለሐጅ፣ አደራ" ተባለ። ትዝ አለኝ፤ እትየ ደብሬም የሩዙን ጆንያ አጣጥፈው ውስጡ የታሰረ ነገር ሲከቱ አይቻለሁ። እኔ አደራ እያደረስሁ ሸክሜ የሚቀል መስሎኝ ነበር፤ ለካ አደራ እንደ ፎገራ ውሃ ነው፣ በዚህ ስታፈስሰው በዚያ ይመጣል።

ዘንባባው ጎዳና በባጃጅ አለፍን። "ይኸ ዘንባባ ነው" አልኋት፣ በድስቱ በላይ እያየሁ። "አየሁት፣ አንዱን" አለችኝ። ባጃጁ ፈጣን ነበር።

አዛለች ዘንድ ስንደርስ ሁለት ሰዓት አልፏል። ድስቱን ስትቀበለኝ ፊቷ በራ። እንደኛ በዓይኗ ብቻ አላመነችም፤ መሬት አስቀምጣ ተንበረከከችና ጆሮዋን አስጠግታ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ድስቱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሌላም ጊዜ መታችውና ዓይኗ እንባ አቀረረ። "የስንዱ እጅ ነው" አለች። እኔ ያን ሁሉ መንገድ ሸክላ የተሸከምሁ መስሎኝ ነበር፤ እህቷን ነበር ያመጣሁላት። ይኸን ስል መቼም ጀርባዬ አልዳነም፣ ግን ደስ አለኝ።

ከዚያ ዓሣ መጣ። ፕሮግራሙ ላይ ያለው ዓሣ፣ በሦስት ሰዓት ተኩል ዘግይቶ፣ ሦስተኛ እራት ሁኖ መጣ። በላን። ይታይሽ ስትጎርስ ዓይኗ በሩ ላይ ነው፤ ከአጥሩ በላይ ሰማዩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀይ ይሆናል። ድልድዩ ነው። መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ልብሴን ሳብ ሳብ እያደረገች "ኧረ እዚያ" ስትለኝ፣ ፕሮግራም የሚያወጣው ሰውዬ ውስጤ ተነሣ። "በአጥር ላይ ተንጠልጥለሽ አይደለም የምታዪው" አልኋት። "ፊት ለፊት ቆመሽ፣ ባንድ ጊዜ።"

አዛለች ለእትየ ስንዱ መልስ ስታዘጋጅ እኔ ተምር ወይም በርበሬ ነው ብዬ ነበር። አውራ ዶሮ ነው። ቀይ፣ ጭራው ጥቁር፣ እግሩ በጨርቅ ቅዳጅ የታሰረ፣ ጠባዩ የሹም። "አደራ" አለችኝና በብብቴ ሥር ከተተችው።

ባጃጇ ውስጥ ገባንና ለይታይሽ ነጠላዋን በዓይኗ ላይ አሠርሁላት። ባንድ ጊዜ ነው መታየት ያለበት። እኔ ብቻዬን ባይ ደግሞ ግፍ ነውና እኔም ዓይኔን ጨፈንሁ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየን። "ጋሼ፣ አሟችኋል?" አለን። ዝም ብለህ ወንዙ ዳር፣ ፊት ለፊቱ አቁመን አልሁት። በተዘጋው ዓይኔ ቆብ ላይ ቀይ ያልፋል፣ ሰማያዊ ያልፋል፤ ጥርሴን ነክሼ ቻልሁት። ባጃጇ ቆመች። እጇን ይዤ አወረድኋት። ሣሩ ላይ አቆምኋት፤ ወንዙ ይሰማል፣ ንፋሱ ውሃ ውሃ ይላል። ልቤ እንደ ሙሽራ ይመታል። አሥራ ሦስት ዓመት።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አልሁና ነጠላዋን ሳብሁት። ዓይናችንን ገለጥን።

መብራት ጠፋ።

ድልድዩ ብቻ አይደለም፤ ያ ሰፈር በሙሉ ድርግም አለ። ከሩቅ ሰዎች "እህህ" ሲሉ ተሰማ፣ እንደ ወረታ ሰው። ይታይሽ በጨለማው ውስጥ "ወንዙ የት ነው?" አለች። በድምፁ በኩል አልኋት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር፤ በአጥሩ በኩል፣ በባጃጇ መስኮት፣ በቀኑም ቢሆን ልታይ የምትችለውን ነገር ከዓይኗ ላይ በእጄ ያነሣሁባት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ በድንጋጤ ብብቴን ላላ አድርጌ ኖሮ ዶሮው ዘሎ ወረደ። የጨርቁ ቅዳጅ ተፈቷል። የሰው አደራ፣ የእትየ ስንዱ ዶሮ፣ ወንዝ ዳር፣ በጨለማ። ተንበረከክሁና በእጄ እየዳሰስሁ ፈለግሁት። ባጃጇ ሥር ገብቶ ተኝቷል። ለእሱ መሽቷል፣ ሥራው አልቋል። በደረቴ ተሳብሁና ራሴን አስገብቼ እጄን ስዘረጋ ጋቢዬ ከአንድ ብረት ጋር ተያያዘ። ወደፊትም ወደኋላም አልል አልሁ።

ይኸኔ መብራት መጣ።

ቦግ ሲል ዶሮው ፊቴ ላይ ነው። ነጋ ብሎ ተነሣ፣ ክንፉን አራገበና አፍንጫዬ ላይ ጮኸ። ከውጭ ይታይሽ ትንፋሿን ስባ ስትይዝ ሰማሁ። እኔ ጋቢዬን ብስብ አይለቅም። በዶሮው ጥቁር ጭራ ላይ አረንጓዴ አለፈ። ከዚያ ቀይ። ከዚያ ለስሙ የሚያስቸግር አንድ ሌላ ቀለም፣ የሠርግ ቀሚስ የመሰለ። ዶሮው ደግሞ ጮኸ። ጋቢው ተቀደደና ወጣሁ፣ ዶሮውን በእግሩ ይዤ፣ ቀና ብዬ ዓይኔን ወደ ድልድዩ ሳቀና መብራቱ ተመልሶ ጠፋ።

ይታይሽ እንደቆመች ነች። ፊቷ አይታየኝም። ቀስ ብላ፣ ለእኔም አይደለም፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ "ታየኝ" አለች።

አፍሬም ደስ ብሎኝም አለቀስሁ፤ ጨለማ ስለነበር ምንም አይደለም። አየኸው ወይ አለችኝ። ባጃጅ ሥር ነበርሁ አልኋት። ሳቋ ከሆዷ ተነሥቶ ወጣ፣ ሣሩ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ይመጣል ብለን ጠበቅን። አልመጣም። ሾፌሩ፣ ጋሼ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው አለ፤ የእትየ ደብሬ በር ታወሰንና ተነሣን።

መንገድ ላይ፣ ዶሮው እሷ ጭን ላይ ተኝቶ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "አላየሁም ብለህ ለሰው እንዳታወራ" አለችኝ። "ሚስቱን ድልድይ ሊያሳይ ሄዶ ዶሮ ሲያሳድድ አመሸ ይሉሃል። አብረን ነው ያየነው። አደራ።"

በማግስቱ ወረታ ስንገባ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ዶሮው ለእትየ ስንዱ፣ ተምሩ ለሐጅ፣ ጆንያው ከነእስሩ ለእማማ ጥሩ ተሰጠ። ይታይሽ ስለ ድልድዩ መናገር ጀመረች። ስትናገር ታምራለች። መብራቱ ከብረቱ ላይ ወደ ውሃው ሲወርድ፣ ውሃው ሲቀበለው፣ ቀለሙ ሲለወጥ፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ያየችውን ግማሽ ሰዓት ታወራዋለች፣ አንዱንም አትዋሽም። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ "እሱ ነው ያሳየኝ" ትላለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ።

አንድ ቀን ብቻ ልያዝ ነበር። ሐጅ ሰይድ መነጽራቸውን አውርደው፣ ለመሆኑ ካየኸው ቀለም የትኛው በለጠብህ አሉኝ። ሳላስበው "ጭራው ላይ ያለው" አልሁ። የድልድይ ጭራ የቱ ነው ሲሉኝ ይታይሽ ቀደም አለችና፣ በወረታ በኩል ያለው ጫፍ ነዋ አለቻቸው። ሐጅም ባለፈው ሲሄዱ በዚያ በኩል አይተውት ኖሮ፣ እውነት ነው፣ እዚያ ጋ ይበልጣል አሉ።

ይኸን አደራ እስከ ዛሬ ጠብቄዋለሁ። አሁን ግን ለእናንተ አወጣሁት፤ አደራ በላ ሆንሁ ማለት ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ። እንግዲህ በወረታ ስታልፉ አንዲት ሴት ስለ ዓባይ ድልድይ መብራት ስታወራ ከሰማችሁ፣ አጠገቧም አንድ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ካያችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ስሟት። እኔን ግን ዶሮ ምናምን ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። አደራ።